ሰማያዊው ብስክሌት ይዞት የሄደው ወረቀት

የውድድር ፈቃዴ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በየአምስት ደቂቃው አውጥቼ አየዋለሁ፤ ፎቶዬ አለ፣ ከስሩ «ተወዳዳሪ» የሚል ቃል አለ፣ ክብ ማኅተም አለ። ስለዚህ ዛሬ እየሳቅኩ ማውራት እችላለሁ። አርብ ዕለት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ብታገኙኝ ኖሮ ግን ወሬው ሌላ ነበር፤ ባሌንም በሕይወት የምታገኙት አይመስለኝም።

ባሌ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የብስክሌት ክለባችን ጸሐፊ። ክለብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ጀርባ ያለች ጋራዥ ናት፣ ጣሪያዋ ያፈሳል፣ አባላቱ አርባ አራት ናቸው። ሁሉም አማተር ነው፤ አስተማሪ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ሾፌር፣ ጡረተኛ። ሳምንቱን ሙሉ ወገቤን ጉልበቴን ሲሉ ይከርሙና እሑድ ጠዋት ያችን ጠባብ ቁምጣ ሲለብሱ ዓለም የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። ባሌን ክለቡ ውስጥ «ማኅተም» ብለው ይጠሩታል፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት ስለማያይ ነው። ፎቶ ካነሰ ይመልሳል፣ ፊርማ ከመስመር ከወጣ ይመልሳል። የጥርስ ሐኪሙን የደም ዓይነቱን በእርሳስ ጻፈ ብሎ ከበር መልሶታል። ሰውየው እስከ ዛሬ ቂም ይዞበታል።

እኔ ደግሞ ላውንደሪ ቤት ነው የምሠራው። ጠዋት ሱፍ እተኩሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ በድርጅቱ መኪና ለደንበኞች አደርሳለሁ። ልቤ ላይ ቀዳዳ ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ የነበረ፣ እኔም እናቴም ያላወቅነው። ልጅ ሆኜ ሌሎቹ ሲሯሯጡ የሁሉንም ሹራብ ታቅፌ ዳር የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ሰነፍ ናት ይሉኛል፤ እኔም ስንፍና ነው ብዬ አምኜ አርባ ዓመት ኖርኩ። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ካውያ እንደያዝኩ ወደቅኩና ጉዱ ታወቀ። ቀደው ዘጉልኝ። ባሌ «እንደ ብስክሌት ካላማዳሪያ ለጠፉሽ እኮ» እያለ ይቀልድ ነበር፤ ሲቀልድ ግን ሻዩ ከብርጭቆው ይፈስ ነበር።

ከዳንኩ በኋላ ሐኪሟ ትንሽ ትንሽ ተንቀሳቀሺ አለችኝ። የባሌን አሮጌ ብስክሌት አውርጄ መጀመሪያ እስከ ጥጉ፣ ከዚያ እስከ ገበያው፣ ከዚያ ከክለቡ ሰዎች ኋላ ኋላ እያልኩ መንዳት ጀመርኩ። ክለቡም የአባልነት ካርድ ሰጠኝ፤ «ደጋፊ አባል» ይላል። ደጋፊ አባል ማለት በውድድር ቀን መንገድ ዳር ቆሞ ውሃ የሚያቀብል ማለት ነው። አዩልኝ፤ ከሹራብ ያዥነት ወደ ውሃ ያዥነት። እኔ ማሸነፍ አላማረኝም፣ መጨረሻ ብወጣም ግድ የለኝ። ያማረኝ ጀርባዬ ላይ ቁጥር ለጥፌ ከጤነኛ ሰው ጋር መሰለፍ ነው። ለዚያ ደግሞ የተወዳዳሪነት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለፈቃዱ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ሐኪሟ ሁለት ዓመት ተከታታይ «ገና ነሽ» አለችኝ። በሦስተኛው ዓመት ማሽን ላይ አስሮጣ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፋ፣ ማስረጃውን ጻፈችልኝ። በሳምንቱ እሷ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄደች። የተካት ሐኪም ሁሉንም ከሀ ነው የምጀምረው ባይ ነው፤ ስለዚህ ያ ወረቀት ከጠፋ ሌላ የለም። ፈቃዱን የሚሰጠው የብስክሌት ፌዴሬሽን የዓመቱን ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ቅጂም አይቀበልም።

አሁን የጉዱን ምንጭ ልንገራችሁ። ብስክሌተኛ ቦርሳ አይዝም። ነውር ነው በእነሱ ዘንድ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የማልያ የኋላ ኪስ ደግሞ ላብ ነው። ከዓመታት በፊት የአንዱ አባል ማመልከቻ ኪሱ ውስጥ ላብ ጠጥቶ ሊጥ ሆኖ ፌዴሬሽን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ክለቡ የራሱን ዘዴ ፈጠረ፤ ወረቀት ይጠቀለላል፣ በላስቲክ ይጠመጠማል፣ ኮርቻው ከነዘንጉ ተነቅሎ ከስሩ ባለው የብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ይከተታል፣ ኮርቻው ይመለስና ይጠብቃል። «ፖስታ ቤት» ይሉታል። በጣም ይኮሩበታል።

ማክሰኞ ማታ ባሌ የእኔን ማመልከቻ ከነማስረጃው ተቀብሎኝ ነበር። አርብ ሱፍ እየተኮስኩ ስልኬ ጠራ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪ» አለኝ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ወረቀትሽ ፖስታ ቤት ውስጥ ቀርቷል።»

የየትኛው ብስክሌት ፖስታ ቤት ብዬ ጠየቅኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ የራሱ ብስክሌት ፔዳሉ ተሰብሮ ስለነበር ቤት የመጣው በክለቡ ሰማያዊ ብስክሌት ነው። የእኔን ወረቀት እሱ ውስጥ ከተተ። ረቡዕ ዝናብ ሆነና የሌሎቹን አርባ ሦስት ሰዎች ማመልከቻ በአቃፊ ይዞ በአውቶቡስ ፌዴሬሽን ሄደ። ሰማያዊው ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ሰማያዊው ደግሞ የሙከራ ብስክሌት ነው። አዲስ ሰው አባል ከመሆኑ በፊት በእሱ ሦስት ጊዜ ብቻውን ድንጋይ እስከሚፈለጥበት ኮረብታ ደርሶ መመለስ አለበት። አርብ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሦስተኛ ሙከራውን ሊያደርግ ብስክሌቱን ይዞ ወጥቷል። ስልኩ አይነሳም።

ደሜ ፈላ። «የአርባ ሦስት ሰው አስታውሰህ የሚስትህን ረሳህ?» አልኩት። ካውያውን ነቀልኩ፣ ለአለቃዬ ሱፍ ላድርስ ብዬ ወጣሁ። ውሸት አልነበረም፤ ሦስት ሱፎች መኪናው ውስጥ ተሰቅለዋል። ባሌን ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ አነሳሁት፣ የኮርቻ መፍቻውን ጨብጦ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሞ ነበር።

ከከተማ እስክንወጣ ድረስ ጥሩምባ ብቻ እየነፋሁ ነዳሁ። ከዚያ በኋላ ግን አልቻልኩም።

«ሆን ብለህ ነው» አልኩት።

«ኧረ በሞትኩት።»

«እኔ እንድወዳደር አትፈልግም። ከመጀመሪያውም አትፈልግም ነበር።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከኋላ ሱፎቹ በየጠመዝማዛው እየተወዛወዙ መስታወቱን ይመታሉ። «ሆን ብዬ አይደለም» አለ። «ግን ብስክሌቱ ሄዷል ሲሉኝ... አንድ ደቂቃ ቅልል አለኝ። አልዋሽሽም፤ ቅልል አለኝ።»

መኪናውን ዳር አቁሜ ውረድ ልለው ምንም አልቀረኝም። ጊዜ ስላልነበረኝ ብቻ ነው የተውኩት።

«ሐኪሟ ያለችውን ነግሬህ የለም ወይ?» አልኩት።

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያስ?»

«አንቺ ነሻ የነገርሽኝ» አለኝ። «ያኔ ላውንደሪው ውስጥ ቆጣሪ ላነብ መጥቼ ከካውያው ስር ወድቀሽ ከንፈርሽ ጠቁሮ ሳገኝሽ ምን አልሽኝ? ‹ምንም አልሆንኩም፣ ካውያውን ከሱፉ ላይ አንሳልኝ› አልሽኝ። ቀዶ ክፍል ሲያስገቡሽም ምንም አልሆንኩም ነው ያልሽኝ። እኔ ባንቺ አፍ የሚነገረኝን የጤናሽን ነገር ማመን አቁሜያለሁ።»

ይህን ሲል ድምፁ አልጮኸም፣ እኔንም አላየኝም። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ እሱን ላለማስደንገጥ ብዬ ነበር እንደዚያ የምለው፤ ይኸው እሱ ደግሞ አንዱንም አላመነኝም። ንዴቴ ግን አልበረደም ነበር። ነዳጁን ረገጥኩት።

ዳቦ ጋጋሪውን ከኮረብታው ግማሽ ላይ አገኘነው። ሀምሳ ዓመት የሚሆነው አጭር፣ ደልደል ያለ ሰው ነው፤ ብስክሌቱን ግንድ ላይ አስደግፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ከመኪናው ተንደርድረን ስንወርድ ሲያይ ብድግ አለ።

«ምነው፣ አባልነቴ ተሰረዘ እንዴ?» አለን።

ባሌ ነገሩን አስረዳው። ሰውየው ሳቀ። «እኔም ከውስጥ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ አይጥ ነው ብዬ ነበር» አለ። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። «ኮርቻው በጣም ከፍ ብሎብኝ ነበር፤ እግሬ ፔዳል አልደርስ ቢለኝ ወደ ታች ደፍቄዋለሁ። እምቢ ሲለኝ ተቀምጬበት ገፋሁት።»

ባሌ ዘንጉን ፈቶ ነቀለው፤ ቱቦው ውስጥ ስናይ ጨለማ ነው። ወረቀቱ ከታች ተወትፏል። ብስክሌቱን ገልብጠን ናጥነው፤ የዛገ ውሃ ጠብ አለ እንጂ ወረቀት የለም። ባሌ በዱላ ሊሞክር ሲል ትገፋዋለህ ብዬ ጮኽኩበት። ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ ብቻ የሚያውቅ ወፍራም ጣቱን አስገብቶ ራሱ ተቀርቅሮ ሊቀር ነበር። ሰዓቴ ስምንት ሰዓት ከሀምሳ ይላል። ሦስታችንም አንዲት ቱቦ ከበን ቆመናል፤ ሁለቱ ወንዶች ስለ ቱቦው ስፋት መከራከር ጀመሩ።

እነሱ ሲከራከሩ እኔ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ከአንዱ ሱፍ ላይ ሽቦ መስቀያውን አወጣሁ፣ ጠማማውን አቃናሁ፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ ቆለመምኩት። መሬት ላይ ተንበርክኬ ብስክሌቱን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ሽቦውን ቀስ ብዬ አስገባሁ። ላስቲኩን ሲነካው ተሰማኝ፤ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። በሦስተኛው ያዘ። ትንፋሼን ውጬ ስስበው ያ የተጨማደደ ጥቅል በጥቁር ቅባት ተለውሶ ብቅ አለ። ላስቲኩን ፈታሁት፤ ወረቀቶቹ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፈዋል፣ ደረቅ ናቸው። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ።

ዳቦ ጋጋሪውን ከነብስክሌቱ ጭነን ልንመልሰው ነበር፤ እምቢ አለ። «ሦስተኛዬ ነው እኮ፤ በመኪና ከተመለስኩ ይቆጠርልኛል?» ብሎ ባሌን ጠየቀው። ባሌም አያፍርም «አይቆጠርም» አለው። ኮርቻውን አስተካክሎለት ተለያየን።

ወደ ከተማ ስንመለስ ወረቀቶቹን እንዲቃኑ ብዬ ተቀመጥኩባቸው። ባሌ አንድም ጊዜ ሊያያቸው አልጠየቀም። ልብ አላልኩትም ነበር፤ ሐሳቤ መንገዱ ላይ ነበር። መግቢያው ላይ ጭነት መኪና መንገድ ዘግቶ ሃያ አምስት ደቂቃ በላብን። ፌዴሬሽኑ ደጃፍ ስንደርስ አሥር ሰዓት ከአርባ ነበር። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት፤ ባሌ ከኋላዬ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» እያለ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ባሌን ለስድስት ዓመት የምታውቀው ናት። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አነሳችው።

«ማኅተም፣ ይሄ ምንድን ነው? አንተ የሌላውን ሰው በአቃፊ፣ በተራ ቁጥር ታመጣልኛለህ፤ ይሄን ላም አኝካዋለች?»

«የባለቤቴ ነው» አለ።

ሴትዮዋ አንገቷን ነቅነቅ አደረገች። ገጾቹን በመዳፏ እየዳበሰች አቃናቻቸው፤ ፎቶውን አየች፣ የሐኪሟን ማኅተም አየች፣ የክለቡን አየች። ከዚያ ጣቷ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ አልፈረምክም» አለች። መስመሩን እኔም አየሁት፤ «እኔ የክለቡ ጸሐፊ የአመልካቹን የሕክምና ማስረጃ አንብቤ አረጋግጫለሁ» ይላል። ከስሩ ባዶ ነው።

ብዕር አቀበለችው። ባሌ ብዕሩን ያዘና አልፈረመም።

«አላነበብኩትም» አለ።

«ምኑን?»

«ማስረጃዋን። አላነበብኩትም።»

ሴትዮዋ በመነጽሯ አናት አየችው። «የአርባ ሦስቱን አንብበህ የሚስትህን አላነበብክም?»

«ፈራሁ» አለ። «ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ገለጥኩት፤ ሦስቴም መልሼ አጠፍኩት።»

አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ከዚህ ሰው አፍ ፈራሁ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴን በላኝ። ሐኪሟ የጻፈችው እኔ ከነገርኩት የከፋ መስሎት ነው፤ ሳያነብ ልፈርም እንዳይል ደግሞ ማኅተም ነው፣ አይሆንለትም። አንብቦም ሆነ ሳያነብ መፈረም ሲያቅተው ወረቀቱን ከዓይኑ ራቅ ወዳለ ቦታ፣ ቱቦ ውስጥ ደብቆ ረሳው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ይላል።

«እንግዲያው አንብበው» አለችው ሴትዮዋ። «እስከ አሥራ አንድ እዚሁ ነኝ።»

መስኮቱ ስር ያለችው ማስደገፊያ ላይ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ቆጣሪ እንደሚያነብ ጣቱን ከቃል ቃል እያሳለፈ። የቀዶውን ቀን አነበበ። የልቤን ምት አነበበ፤ ስትቀመጥ ይህን ያህል፣ ስትሮጥ ይህን ያህል። ከኋላችን አንድ ወጣት ማመልከቻ ይዞ ቆሟል፣ እግሩን እያፈራረቀ ይቁነጠነጣል። በሌላ ቀን ቢሆን ቶሎ በል ብዬ በክርኔ እጎሽመው ነበር፤ ያን ቀን ዝም አልኩ። ጣቱ ከታች የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰና ቆመ። «ያለ ምንም ገደብ በውድድር መሳተፍ ትችላለች።» ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለቴ አነበበው። ወረቀቱን ገለበጠው።

«ጀርባው ላይ ምንም የለም አይደል?» ብሎ ሴትዮዋን ጠየቃት። «ሌላ ማሳሰቢያ፣ ሌላ ገጽ... የቀረ ነገር የለም?»

«ጀርባው ባዶ ነው ወንድሜ» አለችው፤ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። «ፈርም።»

ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ፤ ማንም ምንም አላለውም። ሴትዮዋ ማኅተሟን አነሳችና መታችው፣ ካርዴም እዚያው ታተመ። ገና ትኩስ ነበር ስይዘው። ባሌ ግድግዳው ስር ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። አልቅሷል መሰለኝ፤ እኔም አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። ለዚያ ወጣት ተራውን ለቀቅንለትና ወጣን።

መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተር እንዳስነሳሁ ወሬዬን ለቀቅኩት። ውድድሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ ማልያ ማሳጠር አለብኝ፣ ቁጥሬ ስንት ይሆን፣ አንተ ደግሞ በዚያ ቀን ውሃ ታቀብለኛለህ፣ ተራህ ነው። መልስ የለም። አኮረፈ ብዬ ዞር ስል ተኝቷል። የመጀመሪያው መብራት ላይ እንኳ አልደረስንም። መፍቻውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ።

ሌሊት ሌሊት ሲነቃ እሰማው ነበር። ውሃ የሚጠማው ይመስለኝ ነበር። ለካ አጠገቤ ቁጭ ብሎ መተንፈሴን ሲያዳምጥ ኖሯል፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ። ይህን የነገረኝ በማግሥቱ ነው፣ ያን ቀን ግን ፊቱን አይቼ ገባኝ። ከኋላ ሦስት ሱፍ ተሰቅሏል፣ ባለቤቶቹ እየጠበቁ ነው፣ አለቃዬም ሁለት ጊዜ ደውሏል። ሰፈራችን ደረስን። ሞተሩን ካጠፋሁት ይነቃል ብዬ ቤታችንን አልፌ መንዳቴን ቀጠልኩ።